ሌሊት ክፍት ለሚሆን ስቶር ሕጉ ምን ይጠይቃል? ለታምፓው ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ከባለቤቴ ጋር ሆነን ታምፓ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ነዳጅ ማደያ ያለው ትንሽ ስቶር ልንረከብ ነው። የቀድሞው ሰውዬ ማታ በ10 ሰዓት ይዘጋ ነበር። እኛ ግን 24 ሰዓት ልንከፍት አስበናል። ሌሊቱን እኔና እሷ እየተፈራረቅን እንሸፍናለን። ሲያትል ስቶር ያለው የአጎቴ ልጅ ‹ካዝና ግዛ፣ ማስታወቂያ ለጥፍ፣ መብራት አብራ፣ በቃ› ይለኛል። እዚህ ያለ ወዳጄ ‹ሌሊት ሁለት ሠራተኛ ማቆም ግዴታ ነው› አለኝ። ሌላው ደግሞ ‹ቤተሰብ ስለምትሠሩ ሕጉ እናንተን አይመለከትም› አለ። የማንን ልስማ?»

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሦስቱም የነገሩዎት ውስጥ እውነት አለ። ሙሉውን የነገረዎት ግን የለም። በተለይ የሦስተኛው ሰው ምክር በወረቀት ላይ ልክ ነው፤ ሥራ ላይ ሲውል ግን አደገኛ ነው። ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ልበል። እዚህ የምጽፈው ሰዓትም ዓመተ ምሕረትም በሙሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው። የፍሎሪዳ ሕግ የሚመለከተው ከምሽቱ 11 እስከ ንጋቱ 5 ሰዓት ያለውን ጊዜ ነው። በእኛ አቆጣጠር ይህ ከምሽቱ 5 እስከ ንጋቱ 11 ይሆናል። ቁጥሮቹ ተገለባብጠው ስለሚመጡ፣ ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ ሠራተኛ ከቀጠሩ ቁጭ ብላችሁ በግልጽ ተነጋገሩበት።

የአጎትዎ ልጅ የነገረዎት የዋሽንግተን ስቴትን ሕግ ነው። በአሜሪካ ሌሊት ለሚሠሩ ስቶሮች ብቻ ተብሎ የወጣ አንድ ወጥ የፌዴራል ሕግ የለም። የሥራ ቦታ ደኅንነትን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ኦሻ በ1998 ሌሊት ለሚከፈቱ መደብሮች ጥሩ መመሪያ አውጥቷል፤ ግን ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም። ደንቡን የሚያወጡት ስቴቶችና ከተሞች ናቸው። ዋሽንግተን ከምሽቱ 11 እስከ ጠዋቱ 6 ሰዓት ለሚሸጡ መደብሮች ለሠራተኛው ሥልጠና ይስጡ፣ ሠራተኛው የማይከፍተው ካዝና ይኑራቸው፣ ይህንንም በር ወይም መስኮት ላይ ይለጥፉ፣ መስኮት ላይ የሚለጠፈው ነገር የሒሳብ መቀበያውን አይጋርድ፣ የፓርኪንጉ መብራት ይብራ ይላል። እሱ ለራሱ ሱቅ ልክ ነው። ሂዩስተንና ዳላስም የየራሳቸው የከተማ ደንብ አላቸው። የፍሎሪዳው ግን ከሲያትሉ ይጠብቃል።

የፍሎሪዳ ሕግ ሥሩ ጌንስቪል ከተማ ነው። የስቶር ዘረፋ ሲበዛባት ከተማዋ በ1986 የራሷን ደንብ አወጣች። በ1987 ደግሞ ሌሊት ሁለት ሠራተኛ እንዲኖር ግዴታ አደረገች። ዘረፋው በጣም ቀነሰ። የስቶሮቹ ወገን «የቀነሰው ዘራፊዎቹ በዚያው ሰሞን ስለታሰሩ ነው» ብሎ ተከራከረ፤ ባለሙያዎችም እስካሁን ይነታረኩበታል። ስቴቱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሕግ ሲያወጣ መካከለኛ መንገድ ያዘ። መሠረታዊው ጥንቃቄ ለሁሉም፣ ከባዱ ደግሞ ወንጀል ለደረሰበት ስቶር ብቻ። ወዳጅዎ «ሁለት ሠራተኛ ግዴታ ነው» ያለው ከዚህ የመጣ ነው። ግማሹን ነው የነገረዎት።

ሕጉ የሚመለከተው በዋናነት ግሮሰሪ፣ ወይም ግሮሰሪና ነዳጅ የሚሸጥ፣ ከምሽቱ 11 እስከ ንጋቱ 5 ሰዓት መካከል በማንኛውም ጊዜ ክፍት የሆነን ንግድ ነው። ምግብ ቤት አይመለከተውም። የመሸጫ ወለሉ 10,000 ስኩዌር ጫማ የሚሞላ ትልቅ መደብር አይመለከተውም። ሌሊቱን ሁልጊዜ ቢያንስ 5 ሠራተኛ ያለውም እንዲሁ። አንድ ሌላ ነፃ የሚወጣ አለ፦ ባለንብረቱ ወይም የቤተሰቡ አባላት በእነዚያ የሌሊት ሰዓታት የሚሠሩበት ንግድ።

የሦስተኛው ሰው ምክር ይኸው ነው። በወረቀት ላይ ልክ ነው።

እኔ ግን እለምንዎታለሁ፣ ይህን ነፃነት አይጠቀሙበት። ሕጉ ነፃ የሚያወጣዎ ከወጪና ከቅጣት እንጂ ከዘራፊ አይደለም። በር ከፍቶ የሚገባው ሰው ከባንኮኒው ኋላ የቆመችው ባለቤትዎ ትሁን ተቀጣሪ አያውቅም፤ ቢያውቅ ደግሞ ይብሳል። ተቀጣሪ ካዝናውን መክፈት አይችልም ተብሎ ይታመናል። ባለንብረት ግን ቁልፉም ቁጥሩም እጁ ላይ እንዳለ ይገመታል። በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ሌላም ነገር አለ። ተቀጣሪ «ውሰድ» ብሎ እጁን ያነሳል። ባለንብረት ግን የለፋበት ገንዘብ ስለሆነ ይከራከራል፣ እጅ ይይዛል፣ ተከትሎ ይሮጣል። ሰው የሚጎዳው ያኔ ነው። በዚህ በኩል ካየነው የቤተሰብ ስቶር ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከሌላው በላይ እንጂ በታች አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ነፃነቱ የማይዘልቅ መሆኑ ነው። እርስዎ ይታመማሉ፣ ባለቤትዎ ትወልዳለች፣ አገር ቤት ለቅሶ ይሄዳሉ። የዚያን ሳምንት ሌሊቱን የሚሸፍነው የተቀጠረ ልጅ ነው። ያኔ «ቤተሰብ ነን» የሚለው ክርክር ይላላል። ካዝና፣ ካሜራና መብራት ደግሞ በአንድ ቀን አይገጠምም።

ሦስተኛው ስለ ክስ ነው። አንድ ደንበኛ ፓርኪንግዎ ላይ ተዘርፎ ቢጎዳ ሊከስዎ ይችላል። የፍሎሪዳ ሕግ ለዚህ ጥሩ ከለላ አለው። የተባሉትን የደኅንነት እርምጃዎች በአብዛኛው በሥራ ላይ ያዋለ የስቶር ባለቤት፣ ሠራተኛው ያልሆነ ሌላ ሰው ለፈጸመው ወንጀል ተጠያቂ አይደለም ተብሎ ይገመታል። ከሳሹ ነው ያንን ግምት ማፍረስ ያለበት። ይህ ለትንሽ ንግድ ትልቅ ጋሻ ነው። «ሕጉ አይመለከተኝም» ብለው ምንም ሳያደርጉ ግን ይህን ከለላ ተስፋ ማድረግ አይችሉም። ነፃነቱና ከለላው በእርስዎ ሁኔታ እንዴት እንደሚገናኙ ከመፈራረምዎ በፊት የፍሎሪዳ ጠበቃ ይጠይቁ። የሚከፍሉት ክፍያ አይቆጭዎትም።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? ከጥሬ ገንዘቡ ልጀምር፤ ሁሉም ነገር የሚዞረው በእሱ ዙሪያ ነው። ገንዘብ ከላይ ተጥሎ የሚገባበት፣ ሠራተኛው ግን የማይከፍተው ካዝና ያስፈልጋል። ከምሽቱ 11 በኋላ በእጅ የሚቆየውን ገንዘብ የሚወስን አሠራር መኖር አለበት። መግቢያው ላይም ካሽ ሬጅስተሩ ውስጥ ያለው 50 ዶላር ወይም ከዚያ በታች መሆኑን የሚናገር፣ በግልጽ የሚታይ ማስታወቂያ ይለጠፋል።

ያ ማስታወቂያ እውነት መሆን አለበት። ለጥፈውት መሳቢያው ውስጥ 400 ዶላር ካለ፣ ወሬው ሰፈር ውስጥ ለመድረስ አንድ ዘረፋ ይበቃዋል። ስለዚህ የ20 ዶላር ኖት እንደገባ ወዲያው ወደ ካዝናው ይጣል። «ሲጠራቀም እጥለዋለሁ» የሚባል ነገር አይኑር። የ50 እና የ100 ዶላር ኖት ሌሊት እንደማይቀበሉ ይለጥፉ። መልስ የሚሆነውን ሳንቲምና የ1 ዶላር ኖት ከ11 ሰዓት በፊት ያዘጋጁ። ሒሳብ መቁጠርና ሺፍት ማስረከብ ደንበኛ በሚያይበት ቦታ አይደረግ። ባንክ የሚሄዱበትን ሰዓትና መንገድ ይቀያይሩ። ካዝናውን ሲገዙ ደግሞ ከመከፈቱ በፊት የተወሰነ ደቂቃ የሚያስጠብቀውን ዓይነት ይምረጡ፤ በሌሊት ሰዓት እርስዎ ራስዎ እንኳ እንዳይከፍቱት አድርገው ያስተካክሉት። ያኔ ባለቤትዎ «አልችልም» ስትል እውነቷን ነው። መግቢያው ላይም ይጻፉት።

ቀጥሎ መታየት። ዘራፊ የሚመርጠው ገንዘብ ያለበትን፣ ቶሎ የሚወጣበትንና ማንም የማያየውን ቦታ ነው። ሕጉ ካሽ ሬጅስተሩና ሒሳብ የሚከፈልበት ቦታ ከውጭ ሳይከለል እንዲታይ ያስገድዳል። እይታ የሚቀንስ ጥቁር ፊልም መስታወት ላይ መለጠፍም ይከለክላል። የብዙ ስቶር ችግር እዚህ ጋ ነው። ቢራና ሲጋራ የሚያከፋፍሉት ሰዎች በየሳምንቱ ፖስተር ይዘው ይመጣሉ። «እኔ ልለጥፍልህ» ይላሉ፣ በነፃ ነው፣ ጨዋነት ነው። በስድስት ወር ውስጥ መስታወቱ ይሸፈናል። የፖሊስ መኪና ሲያልፍ የሚያየው የቢራ ሥዕል እንጂ የእርስዎን ሠራተኛ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ ማንም እርስዎን ሳያስፈቅድ አንድ ወረቀት እንዳይለጥፍ ይወስኑ። አንድ ማታ ከውጭ ከመንገዱ ዳር ቆመው ይመልከቱ። ካሸሩን ከወገቡ በላይ ካላዩት፣ መደርደሪያም ይሁን ማስታወቂያ የጋረደው ነገር ይነሳ።

የፓርኪንጉን መብራት ሕጉ በቁጥር ነው የሚያስቀምጠው። ከመሬት 18 ኢንች ከፍታ ላይ ሲለካ ቢያንስ 2 ፉት-ካንድል (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) መሆን አለበት፤ ሉክስ በሚባለው መለኪያ ወደ 21 ገደማ ነው። በዓይን ግምት አይሆንም። ርካሽ የብርሃን መለኪያ ይገዛል፤ ኤሌክትሪሻኑም ሊለካልዎ ይችላል። የነዳጅ መቅጃው ጣሪያ ሥር ብዙ ጊዜ ብሩህ ነው። የሚጨልመው የሕንፃው ጎን፣ የቆሻሻ ገንዳው አካባቢና የአየር መሙያው ጋ ነው። እዚያ ይለኩ።

ካሜራን በተመለከተ ሕጉ የሚጠይቀው ወንጀለኛን ለመለየት የሚረዳ ምስል የሚቀርጽና መልሶ የሚያወጣ ሥርዓት ነው። «መልሶ የሚያወጣ» የምትለዋን ያስምሩባት። ሌሊት ፖሊስ መጥቶ ቪዲዮውን ሲጠይቅ ማውጣት የሚችል ሰው የሌለበት ስቶር ብዙ ነው። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ካሜራ የሚያሳየው ኮፍያ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ካሜራ መውጫው በር አጠገብ በፊት ቁመት ልክ ይሁን። መቅረጫው ማሽን ከባንኮኒው ሥር ሳይሆን ተቆልፎ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ሰዓቱ ልክ መሆኑን በየሳምንቱ ይዩ። በሩ ላይ የቁመት መለኪያ መለጠፍም ግዴታ ነው። እኛ ቁመት የምንገምተው በሜትር ነው፤ ፖሊስ የሚጠይቀው በጫማና በኢንች ነው። ሠራተኛው ሰውዬው ሲወጣ መለኪያውን ማየት ቢለምድ ጥሩ ምስክር ይሆናል።

ድምፅ የማያሰማ አላርምም ያስፈልጋል። ፖሊስ ጋ ወይም የግል ጥበቃ ድርጅት ጋ የሚደርስ ነው። ከዚህ ነፃ ለመሆን ለስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ማመልከት ይቻላል፤ እኔ ግን እንዲያመለክቱ አልመክርም። ሠራተኛው አላርሙን የሚጫነው እንቅስቃሴው ሳይታይበት ከቻለ ብቻ ነው። ካልቻለ ዘራፊው ከወጣ በኋላ ይጫነው።

አሁን ወደ ሁለት ሠራተኛው ጉዳይ። ከጁላይ 1 ቀን 1989 ወዲህ በስቶሩ ውስጥ ግድያ፣ ዘረፋ፣ የወሲብ ጥቃት፣ ከባድ ዛቻ ወይም ድብደባ፣ ጠለፋ ወይም ሰውን አስገድዶ ማገት ከደረሰና ከስቶሩ ሥራ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ሕጉ ከሚከተሉት አምስት እርምጃዎች ቢያንስ አንዱን ምረጥ ይላል። ሌሊቱን ሁለት ሠራተኛ ማቆም፤ ሠራተኛውን የሚከልል ጠንካራ ግልጽ ግድግዳ መሥራት፤ ዘበኛ መቅጠር፤ በሩን ቆልፎ በመስኮት ብቻ መሸጥ፤ ወይም ከ11 እስከ 5 መዝጋት። ግድግዳውም ተራ ፕላስቲክ አይደለም። አንዱ መንገድ ውፍረቱ ቢያንስ 0.375 ኢንች የሆነና የተወሰነ የምት ጥንካሬ ያለው ፖሊካርቦኔት ነው፤ ሌላው ዩኤል 752 የሚባለውን የጥይት መከላከያ ደረጃ የሚያሟላ ነው። ከተመረጠው እርምጃ በኋላ 24 ወር ያለ ወንጀል ካለፈ ነፃ የመሆን ማስታወቂያ ማስገባት ይቻላል።

ስለዚህ ለእርስዎ ትልቁ ጥያቄ ያ ስቶር ምን ታሪክ አለው የሚለው ነው። ሻጩ «ሰላም ሰፈር ነው» ቢልዎ አይበቃም። በፍሎሪዳ የመንግሥት መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው። ፖሊስ ጋ ወይም ሸሪፍ ጋ ሄደው በዚያ አድራሻ የተመዘገቡ ጥሪዎችንና ሪፖርቶችን ይጠይቁ። በ10 ሰዓት ይዘጋ የነበረውም ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባዎት ይሆናል። ውጤቱን ሳያዩ አይፈርሙ። የቆየ ወንጀል ካገኙ አዲሱን ባለቤት እንዴት እንደሚነካ ጠበቃው ያስረዳዎ።

ከአምስቱ እኔ ነዳጅ ላለው ትንሽ ስቶር የምወደው በመስኮት መሸጡን ነው። ሽያጭ ይቀንሳል፣ አልደብቅዎትም። ሌሊት ቡና ቀድቶ፣ ቺፕስ አንስቶ የሚወጣው ደንበኛ ይቀራል። ነገር ግን ከሌሊቱ 2 ሰዓት ለብቻ ላለ ሰው በተቆለፈ በርና በተከፈተ በር መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። ሁለተኛ ሠራተኛ ጥሩ የሚሆነው ፊት ለፊት ከታየ ነው። ማቀዝቀዣው ክፍል ገብቶ ሶዳ የሚደረድር ከሆነ የለም ማለት ነው። ግልጽ ግድግዳም ሠራተኛው ወለል ሊወለውል ወይም ሽንት ቤት ሊያጸዳ ሲወጣ ምንም አይረዳውም። ስለዚህ የትኛውንም ይምረጡ፣ ቆሻሻ መጣል፣ ማጽዳትና መደርደር ከ11 በፊት ይለቅ። ሌሊት ቆሻሻ ይዞ ወደ ኋላ በር መውጣት ፈጽሞ ይከልከል። የኋላው በር ከውጭ የማይከፈት ይሁን እንጂ በሰንሰለት አይታሰር፤ እሳት ቢነሳ መውጫ ነው።

ሥልጠናም ግዴታ ነው። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ባጸደቀው ትምህርት፣ ሠራተኛው በተቀጠረ በ60 ቀን ውስጥ ዘረፋን የመከላከልና የደኅንነት ሥልጠና ማግኘት አለበት። 60 ቀን በእኔ ግምት ረጅም ነው። አንድ ሰው ሳይሠለጥን አንድም ሌሊት ብቻውን አይቁም። እርስዎና ባለቤትዎም ተቀምጣችሁ ተማሩ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ከሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ ሠራተኛ በአማርኛ ይድገሙለት፤ የፈራ ሰው የሚያስበው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። ሕጉን የጣሰ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። በ30 ቀን ውስጥ ማስተካከሉን ካላሳየ እስከ 5,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል።

ሥልጠናው ውስጥ አንዲት ነገር እንኳ ብትቀር ይህች አትቅር፦ የጠየቀውን ስጠው። እጅ እንዲታይ ይሁን። ከመንቀሳቀስ በፊት «መሳቢያውን ልከፍት ነው» ብሎ መናገር ጥሩ ነው። ከኋላ ሌላ ሰው ካለ ይነገረው፤ ድንገት ብቅ ያለ ሰው ዘራፊን ያስደነግጣል፣ የደነገጠ ደግሞ ይተኩሳል። ሲወጣ መከተል የለም። በሩን ቆልፎ 911 መደወል፣ ዘራፊው የነካውን ነገር አለመንካት፣ ያዩት ሰዎች እርስ በርስ ሳይነጋገሩ የየራሳቸውን እንዲጽፉ ማድረግ። በነጋታው ያንን ሠራተኛ ወደ ሌሊት ሺፍት አይመልሱት። ደመወዙ ሳይቆረጥ ይረፍ፣ የሚያነጋግረው ሰው ይፈለግለት። ለጠፋው ገንዘብ ከደመወዙ የሚቆርጡ አሠሪዎችን አውቃለሁ። ያ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ለ50 ዶላር ይታገላል።

መሣሪያ ይኑረን ወይ አላሉኝም፤ ግን ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ልመልስ። ፍሎሪዳ ውስጥ በንግድ ቦታ መሣሪያ ስለመያዝ ሕጉ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። የእኔ ምክር ግን አይኑር ነው። የሚመጣው ሰው መሣሪያው እጁ ላይ ነው፣ የእርስዎ ከባንኮኒው ሥር ነው። ባለቤትዎ ለመሳቢያው ገንዘብ ስትል ወደዚያ እጇን እንድትዘረጋ አይፈልጉም።

ከመፈራረም በፊት የሚያደርጉት የአድራሻውን መዝገብ ማውጣትና ጠበቃ ማናገር ነው። ከዚያ መብራቱን ያስለኩ፤ ወጪው ብዙ ከሆነ ከዋጋው ላይ ይደራደሩበት። ለኢንሹራንስ ኩባንያውም ሌሊት ሊከፍቱ መሆኑን በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ስቶሩ በ10 ይዘጋል ተብሎ የተገባ ውል ለሌሊት ላይሠራ ይችላል። ካዝናው፣ ካሜራው፣ አላርሙና መብራቱ ተገጥመው፣ ሁለታችሁም ሠልጥናችሁ እስክትጨርሱ ድረስ ግን ስቶሩን እንደ ቀድሞው ሰውዬ በ10፣ ቢበዛ ከ11 ሰዓት በፊት ይዝጉት።